የጓሮ ሲኒማ አሰራር በጎንደር፦ ፕሮጀክተሩን መጨረሻ ግዙ

ይሄን የምጽፈው "ፕሮጀክተር ገዝቼ ጓሮ ላይ ሞከርኩት ምንም አይታይም፣ ተበላሁ" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ የሁሉም ታሪክ አንድ ነው፤ ፕሮጀክተሩ ቀድሞ ተገዛ፣ አንሶላ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተሰቀለ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ከዛ ነፋሱ መጣ። እኔም ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር እንደዛው ነው የተዋረድኩት፣ ፊልሙ 10 ደቂቃ ሳይሞላው አንሶላው ከነመቆንጠጫው ተነስቶ የአከራዬ የእማማ ጎመን ላይ አረፈ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መብራት ሄደ። እማማ ግን "ይሄ ነው እንዴ ሲኒማው?" ብለው ሳቁብኝ እንጂ አልተቆጡም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቦታ፣ መብራት፣ ቋሚ፣ ጨርቅ፣ ከዛ በኋላ ነው ፕሮጀክተር። ምክንያቱም የትኛው ፕሮጀክተር እንደሚሆናችሁ የሚነግራችሁ ግቢያችሁ ነው እንጂ ሻጩ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቦታና ሰዓት

ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በቃ ተዉት። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ያለው በጋ ነው። ብርዱ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንደሚጠብቃችሁ እወቁ፣ ጋቢ የሌለው እንግዳ ግማሹ ላይ ተነስቶ ይሄዳል።

ኅዳር ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ ትጠልቃለች፣ የካቲት ላይ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ማለትም "12 ሰዓት ይጀምራል" ብላችሁ ሰው እንዳትጠሩ፣ 1 ሰዓት ከሩብ በሉ።

አሁን ማታ ላይ ውጡና ስክሪኑ ይቆማል ያላችሁበት ቦታ ላይ ቁሙ። የማንን መብራት ታያላችሁ? የመንገድ መብራት፣ የጎረቤት በረንዳ አምፖል፣ የራሳችሁ የሽንት ቤት መብራት። ከቆማችሁበት አምፖሉ ራሱ ፊት ለፊት ከታያችሁ ስክሪኑም ያየዋል ማለት ነው፣ ቦታ ቀይሩ ወይም ጎረቤትን ለምኑ። ሰው ጨረቃን ይፈራል፣ እኔ ግን ጨረቃን አትፍሩ ነው የምለው፣ ሙሉ ጨረቃ ከአንድ የበረንዳ አምፖል ጋር ስትወዳደር ምንም አይደለችም።

ከቻላችሁ የስክሪኑ ጀርባ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ የመጨረሻዋ የፀሐይ ብርሃን ፊቱን አትመታውም።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት አከራያችሁን አስፈቅዱ። ጎረቤቶቹንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ሲሆን ጥሯቸው።

ደረጃ 2፦ ልኬት

ወረቀትና ሜትር ያዙ። የዛሬ ቪዲዮና ፕሮጀክተር ቅርጽ በብዛት 16 በ9 ነው፣ ስለዚህ ስፋቱን በ9 አባዙና ለ16 አካፍሉ፣ ቁመቱ ይወጣል። እኔ የምመክረው 2.4 ሜትር ስፋት ነው፣ ቁመቱ 1.35 ይሆናል። ለ15 ሰው ይበቃል፣ የጨርቅ ወርድም ሳይቀጠል ይገኝለታል።

"ለምን 3 ሜትር አላደርገውም?" ትሉ ይሆናል። 60 ሳንቲሜትር ብቻ የጨመራችሁ ይመስላችኋል፣ ግን የስክሪኑ ገጽ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ያው ብርሃን እሱ ላይ ሁሉ ይዘረጋል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ብዙ "አይታይም" የሚባል ነገር መነሻው ይሄ ነው።

ለቦታ ደግሞ እንዲህ አስሉ፦ ከስክሪኑ ጀርባ ለገመድ 2 ሜትር፣ ከስክሪኑ እስከ መጀመሪያው ተቀማጭ 3.6 ሜትር (የስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ)፣ ከዛ ለሁለት ረድፍ 2 ሜትር። 8 ሜትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። ግቢያችሁ ከዛ ካነሰ ስክሪኑን አሳንሱት፣ ሰውን አታስጠጉ።

የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ፊት ያለው ሰው ሰሌን ወይ ፍራሽ ላይ፣ ኋላ ያለው ወንበር ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ማንም ማንንም አይጋርድም። ወንበሩን ፊት በርጩማውን ኋላ አድርጎ ከዛ "ጭንቅላት አስቸገረን" የሚል ሰው አይቻለሁ፣ ምን ይባላል።

ደረጃ 3፦ መብራት (ኤሌክትሪኩ)

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ሌላው ስህተት ያናድዳል ይሄ ግን ይገድላል።

1. ከቤት እስከ ፕሮጀክተሩ ያለውን ርቀት በግድግዳው ዳር ዳር ለኩ፣ ቀጥታ በግቢው መሃል አይደለም። ሰው የሚረግጠው ሽቦ አይኑር።
2. አንድ ረጅም ኤክስቴንሽን ግዙ፣ ሶስት አጫጭር አትቀጣጥሉ። ራሳችሁ የምታሰሩ ከሆነ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይሁን፣ የመሬት መስመሩም (አርዙ) ይግባ።
3. ጥቅል ኤክስቴንሽን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። እንደተጠቀለለ ብዙ ከጫናችሁበት ይግላል፣ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ድረስ።
4. ዲቫይደሩ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ማታ ጤዛ አለ። ጡብ ወይም የተገለበጠ ሳፋ ላይ አስቀምጡት።
5. የተላጠ ሽቦ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ መወተፍ የለም። አዎ እናንተን ነው፣ አውቃችኋለሁ። ናስትሮም ቢሆን ውጪ ላለ ቅጥያ አይበቃም።

ከጀመራችሁ በኋላ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ወይ ፕሮጀክተሩ ራሱን ካጠፋ መጀመሪያ ኩሽናውን ጠይቁ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ በአንድ መስመር ላይ ከሆናችሁ ቮልቴጁን ይጥለዋል። የዛን ቀን እንጀራው ከሰዓት በፊት ተጋግሮ ይለቅ። ብሬከር ደጋግሞ ከወደቀ ግን እየመለሳችሁ አትሞክሩ፣ ነቅላችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ።

መብራት ቢሄድስ? ስለ እሱ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ፣ መሄዱ አይቀርማ።

ደረጃ 4፦ ቋሚ ማቆም

የሚያስፈልገው፦ ጠንካራ የባህር ዛፍ ቋሚ ሁለት (እያንዳንዱ 3 ሜትር)፣ ለአግዳሚ 3.2 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ አጠና ሁለት፣ ሚስማር፣ ናይለን ገመድ፣ አራት ችካል፣ ዶማ፣ ዲጅኖ፣ ቱምቢ (ቀጥ ማለቱን የምታዩበት ክር ላይ የተንጠለጠለ ክብደት)። አጠናውን ቅዳሜ ገበያም አግኙት ሌላ ቦታ፣ ስትገዙ መሬት ላይ አንከባሉት፣ ጠማማው ወዲያው ይታወቃል።

1. መሬት ውስጥ የሚገባውን 60 ሳንቲሜትር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ ምስጥ እንዳይበላው። አንድ ቀን ይድረቅ።
2. ሁለት ጉድጓድ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 30 ስፋት። በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ያለው ክፍተት 2.8 ሜትር ይሁን፣ ከጨርቁ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲሜትር ለገመድ ይተርፋል።
3. ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፣ ቋሚውን አቁሙ፣ በቱምቢ በሁለት አቅጣጫ እዩት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይታችሁ "ቀጥ ብሏል" እንዳትሉ።
4. ድንጋይና አፈር እያፈራረቃችሁ በየ15 ሳንቲሜትሩ ጠቅጥቁ። አንዴ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ጥቅም የለውም፣ ውስጡ ባዶ ይቀራል።
5. የላይኛውን አግዳሚ ከመሬት 2.3 ሜትር፣ የታችኛውን 60 ሳንቲሜትር ላይ ምቱ። ሚስማር ብቻ አትመኑ፣ በገመድም ጠፍሩት።
6. ከእያንዳንዱ ቋሚ አናት ሁለት ገመድ፣ አንዱ ወደ ኋላ አንዱ ወደ ጎን፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ችካል ላይ እሰሩ። ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ቋጥሩበት፣ ልጆች በጨለማ እየሮጡ አንገታቸው ላይ እንዳይገባ።

ገመዱን ንቄ ትቼው ነበር መጀመሪያ። 2.4 በ1.35 የሆነ ጨርቅ ከ3 ካሬ ሜትር በላይ ሸራ ማለት ነው፣ ነፋሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ 19 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ይገፋዋል፣ ያውም እየተወ እየተመለሰ።

*መሬቱ አለት ከሆነና ዲጅኖ ካልገባ*፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውሰዱ፣ ቋሚውን መሃል አቁማችሁ ኮንክሪት ሙሉበት። እያንዳንዱ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ገመዱ ግን አሁንም ግዴታ ነው፣ ችካል ካልገባ ከትልቅ ድንጋይ ወይ ከአጥር ጋር እሰሩት።

*መሬቱ ዋልካ ከሆነ*፦ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚው ይላላል። ጉድጓዱን በራሱ አፈር አትሙሉት፣ ጠጠር አምጡ፣ በየሁለት ሳምንቱም ነቅነቅ አድርጋችሁ ፈትሹ።

ደህና ግድግዳ ካላችሁ ይሄን ሁሉ ዝለሉት። ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ወጥራችሁ እብጠትና ጉድጓዱን እዩ፣ በጂፕሰም አስተካክሉ፣ የማያብለጨልጭ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ። ዘይት ቀለም አይሆንም፣ የፕሮጀክተሩን መብራት መልሶ ዓይን ውስጥ ይተክለዋል።

ደረጃ 5፦ ጨርቁ

አቡጀዲ ወይም ወፍራም ነጭ የድርብ አልጋ አንሶላ። አበባ የሌለው፣ መሃሉ ላይ ስፌት የሌለው። ስፌት ካለ በዋናው ተዋናይ ፊት ላይ እንደ ጠባሳ ሲያልፍ ታያላችሁ።

አቡጀዲ ከሆነ መጀመሪያ እጠቡት። ሳታጥቡት አሰፍታችሁ በኋላ ጤዛ ሲነካው ይሰበሰብና ልኩ ሁሉ ይበላሻል። ሲደርቅ ተኩሱት፣ ከዛ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ዙሪያውን 5 ሳንቲሜትር አጥፎ በድርብ ይስፋው። ለእጥፋቱ በየጎኑ ተርፎ መቆረጥ እንዳለበት አትርሱ።

ቀለበት የሚያስገባላችሁ ካጣችሁ ቀላል ዘዴ አለ፦ ጨርቁ ጠርዝ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጠር አድርጉ፣ ጨርቁን ጠቅልሉባት፣ አንገቷን በሲባጎ እሰሩ። ጨርቁ አይቀደድም፣ ሲሳብም አይሾልክም። በየ30 ሳንቲሜትሩ አንድ።

አሳሰሩ ቅደም ተከተል አለው፦ ከላይ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዛ ታች መሃል፣ ወደ ዳር፣ መጨረሻ ጎኖቹ። ከጥግ የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ ሆድ ያወጣበታል። የታችኞቹን ማሰሪያዎች በገመድ ሳይሆን ከአሮጌ የሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ እሰሯቸው፣ ነፋስ ሲመጣ ይለጠጥና ይመለሳል፣ ጨርቁም ቋሚውም ይተርፋል።

ከጀርባ ጥቁር ጨርቅ አልብሱት። አንሶላ ብርሃን ያሳልፋል፣ ግማሹ ፊልም በጀርባ ለጎረቤት እየታየ ነው ማለት ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ርካሽ ነው ግን ነፋስ ላይ ሲንኮሻኮሽ ድምፅ አያሰማችሁም። ዙሪያውንም 8 ሳንቲሜትር የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ፊት ለፊት አሰፉበት፣ የምስሉ ጠርዝ እዛ ላይ ሲገባ ይጠፋል፣ ምስሉም የጠራ ይመስላል።

ጭምድድ ካለ በመርጫ ውሃ እርጩበትና ተወጥሮ ይድረቅ።

ደረጃ 6፦ አሁን ፕሮጀክተሩን ግዙ

ሱቅ ስትገቡ ሜትር ያዙ። ፕሮጀክተሩን ከግድግዳው ልክ 2 ሜትር አስቀምጡ፣ የምስሉን ስፋት ለኩ፣ 2ን ለስፋቱ አካፍሉ። ለምሳሌ ስፋቱ 1.54 ከሆነ 1.3 ይወጣል። ይሄን ቁጥር በስክሪናችሁ ስፋት አባዙ፣ 1.3 በ2.4፣ 3.12 ሜትር። ፕሮጀክተሩ የሚቀመጥበት ርቀት እሱ ነው።

ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ያለው 3.6 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ከሰው ኋላ ሳይሆን ፊት ነው የሚሆነው፣ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ። ሁሉም ሰው ኋላ አስቀምጦት ምስሉ አጥሩን አልፎ ሲሄድ ነው የሚደነግጠው።

ሌላው ሉመን፣ ማለትም የብርሃኑ መጠን ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 9000 ምናምን እርሱት። "አንሲ ሉመኑ (በደረጃ መለኪያ የተለካው) ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ለ2.4 ሜትር ቢያንስ 300 ይሁን። ሻጩ አላውቅም ካለ መብራት አጥፍቶ በሩን ገርበብ ያድርግ፣ ምስሉን 2.4 ሜትር ድረስ አስፍቶ ያሳያችሁ። ጥራቱንም "1080 ሰፖርት ያደርጋል" ሲላችሁ "ኔቲቩስ (የራሱ የፕሮጀክተሩ ጥራትስ)?" በሉት፣ ሰፖርት ማለት ፋይሉን ይከፍታል ማለት ነው እንጂ እንደዛ አጥርቶ ያሳያል ማለት አይደለም። ትንንሽ ጽሑፍ አስከፍቱና አራቱንም ጥግ አንብቡ፣ መሃሉ ጠርቶ ጥጉ የሚደበዝዝ ብዙ አለ።

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ የፕሮጀክተር ፋን እንደ ቆላ አያቀዘቅዝም። ሴቲንግ ውስጥ "ሃይ አልቲቲዩድ" የሚል ካለ አብሩት፣ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ነው የተሰራው። ፋኑ ይጮሃል፣ ይጩህ። ከሌለው ዙሪያውን 30 ሳንቲሜትር ባዶ ተዉለት፣ ጨርቅ ላይም አታስቀምጡት።

ደረጃ 7፦ ድምፅ

የፕሮጀክተሩ የራሱ ስፒከር ጓሮ ላይ አይሰማም። ሌላ ስፒከር በሽቦ አገናኙና ስክሪኑ ስር አስቀምጡት። ብሉቱዝ ከሆነ ከንፈርና ድምፅ ሊለያይ ይችላል፣ ከተለያየ በሽቦ ቀይሩት፣ አትታገሉት።

ተኩስ የበዛበት ፊልም ማታ ከፍ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ለምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ እናቶች ይደነግጣሉ።

ደረጃ 8፦ ፊልሙን ማዘጋጀት

ከአንድ ቀን በፊት። ኢንተርኔት ላይ ተማምናችሁ ማታ ለመክፈት እንዳታስቡ፣ አውርዱት።

- የፍላሹ ፎርማት ፋት32 የሚባለው ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሰርግ ፎቶ እንዳይኖርበት። ፕሮጀክተሩ ኤክስፋት ማንበቡንም ያኔውኑ ሞክሩ።
- ምስሉ አለ ድምፅ የለም? ፕሮጀክተሩ የድምፁን ዓይነት አያውቀውም ማለት ነው። ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክታችሁ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈቱት።
- የአማርኛ ሰብታይትሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፕሮጀክተሩ የግዕዝ ፊደል የለውም። ያው ላፕቶፕ ነው መፍትሔው፣ ቪኤልሲ ላይ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጉ፣ የሰብታይትሉን ኢንኮዲንግ (ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠበትን ስልት) ደግሞ ዩቲኤፍ-8። ከሳጥን ይልቅ ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ ደግሞ ፎንቱ አይደለም ኢንኮዲንጉ ነው።

ደረጃ 9፦ የማታው ቅደም ተከተል

*11 ሰዓት*፦ ገመድ፣ ችካልና ማሰሪያ ፈትሹ። ነፋሱ ቋሚውን የሚያወዛውዝ ከሆነ ሰርዙት፣ አታፍሩ።

*12 ሰዓት*፦ ፕሮጀክተሩን ውጪ አውጡ፣ ሳትከፍቱት። ብርዱን ይልመድ፣ ሌንሱ ላይ ጉም ከያዘ ራሱ ይጥፋ፣ በቀሚስ ጫፍ አትጥረጉት።

*12 ሰዓት ከ40*፦ ክፈቱት፣ 10 ደቂቃ ይሙቅ። ከዛ ቦታውን በማንቀሳቀስ ምስሉን ከጥቁሩ ጠርዝ ጋር አስተካክሉ። ኪስቶን የሚባለውን (የተንጋደደ ምስል የሚያቀናውን ሴቲንግ) መጨረሻ ላይ ብቻ ትንሽ ንኩት፣ ብዙ ከነካችሁት ጥራቱን ይበላዋል። ፎከሱን በሰብታይትል ጽሑፍ አስተካክሉ፣ በሰው ፊት አይደለም።

ቡናው ይፈላል መቼም። ረከቦቱን ነፋሱ ከስክሪኑ አርቆ ወደሚወስድበት ጎን አድርጉት፣ የእጣኑ ጭስ መብራቱ ውስጥ ሲገባ ምስሉን ይሸፍናል፣ ሌንሱም ላይ ይቀመጣል። ከሰሉ ከሽቦው ይራቅ። ፈንዲሻው ለማንኛውም እኛ ጋ ከሲኒማ በፊትም ነበር።

የእሳት እራት ሌንሱ ላይ ከተሰበሰበ ከስክሪኑ ጀርባ ራቅ አድርጋችሁ አንድ አምፖል አብሩ፣ አብዛኛው ወደዛ ይሄዳል።

*መብራት ከሄደ*፦ ወዲያው ፕሮጀክተሩን ከሶኬቱ ንቀሉ። አምፖል ያለው አሮጌ ዓይነት ከሆነ እስኪቀዘቅዝ አታንቀሳቅሱት፣ ፋኑ ሳይሰራ እንደጋለ ቆሟል። መብራት ሲመጣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ እየመጣ እየሄደ ሊጫወት ይችላል፣ ሲረጋ ስኩት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ትንሹ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ፣ በስርዓት ለማጥፋት እንጂ ፊልም ለመጨረስ አይደለም።

*ካካፋ*፦ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ከዛ ግድግዳው ጋ ያለውን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዛ ነው መሸፈን። እየሰራ ላስቲክ አታልብሱት፣ ራሱን በራሱ ይቀቅላል። በእርጥብ እጅ ዲቫይደር የሚነካ አይኑር።

ደረጃ 10፦ ሲያልቅ

በሪሞት አጥፉት፣ ፋኑ መዞሩን ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ፣ ከዛ ንቀሉ። ጨርቁን በዛው ማታ አውርዱት፣ እስኪነጋ ከተወ ጤዛ ጠጥቶ አቧራ ይዞ ያድራል። አትጠፉት፣ የእጥፋት መስመሩ በሚቀጥለው ፊልም መሃል ላይ ይወጣል፤ በቀጭን አጠና ላይ ጠቅልላችሁ ከጣሪያ በታች አንጠልጥሉት፣ አይጥ በማይደርስበት። ችካሎቹን ደግሞ ንቀሉ ወይም ጣሳ ድፉባቸው፣ ጠዋት ውሃ ለመቅዳት የሚወጣ ሰው አለ።